ሰርካለም እጇን አንስታ የማለችበት ዕለት

ተሻገር ብርድ ልብሱን መስኮቱ ላይ በሚስማር ወጥሮታል፤ ፀሐይ ግን ይሉኝታ ስለማታውቅ በጠርዙ ሾልካ ገብታ ትራሱ ላይ ተኝታለች። ያልተኛው እሱ ነው። ሌሊቱን በፋብሪካው አሳማ ሲበልት ያድርና ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ እሱ ወደ አልጋው ይገባል፤ አሜሪካ፣ ዳኮታ ከመጣ ጀምሮ ቀንና ሌሊቱ ተገልብጦበት እንደዚሁ ነው የሚኖረው፤ ዛሬ ግን ድካሙም እምቢ አለው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን ያያል። ጣሪያው ላይ ምንም የለም። ሚስቱ ሰርካለም ዛሬ አዲስ አበባ ኤምባሲ ገብታ ቃለ መጠይቋን አድርጋለች፤ እዚያ ጠዋት፣ እዚህ ሌሊት ነበር፤ እሱ ቢላዋውን ይዞ በፋብሪካው መስመር ላይ ሲቆም እሷ በጠያቂው መስታወት ፊት ቆማ ነበር ማለት ነው። በእረፍቱ ጓንቱን አውልቆ ሲደውል ስልኩን ያነሳው ታላቅ ወንድሙ መልካሙ ነበር፤ ከንፋስ መውጫ ይዟት የመጣው እሱ ነውና። አልቋል አለ መልካሙ፤ እግዜር ይመስገን፣ ትንሽ የወረቀት ነገር ቀርቷል፣ አንተ ሥራህን ሥራ፣ እሷ ደክሟት ጋደም ብላለች። ከዚያ ዘጋው። መልካሙ ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ስለ ገብሱ ዋግ፣ ስለ ላሚቱ፣ ድንበር ስለሚገፋው ጎረቤት ሳያወራ የማይለቅ ሰው ነው፤ ሌላው ሰው ነው ሁልጊዜ ምክንያት ፈጥሮ የሚያመልጠው። ተሻገር የተዘጋውን ስልክ ይዞ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ፤ አሳማዎቹ አይጠብቁም።

ይህ አገር፣ ሰው ሚስቱን ከማምጣቱ በፊት ሚስቱ መሆኗን እንዲያስረዳ ይፈልጋል። በአገሩ በጋይንት ለማግባት ማግባት ይበቃል፤ አገር ድንኳን ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ይመሰክራል፣ ካህን ይባርካል፣ አለቀ። እነሱ ደግሞ በቁርባን ነው የተጋቡት፤ በጥር፣ አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ የቤተ ልሔም የድጓ መምህር ስለሆኑ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ከበሮና ጸናጽል ይዘው መጥተው፣ ድንኳኑ እስኪነቃነቅ ድረስ። የካቲት ሳያልቅ ፈቃዱ አለቀና ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትዳር ወረቀት ነው። ጉዳዩን የያዘችለት ጠበቃ የሠርጉን ፎቶዎች ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ብዙ ካየቻቸው በኋላ፣ ስትስቁ የሚያሳይ የላችሁም ወይ አለችው። የለንም አላት። ሙሽራ ጥርሱን አያሳይም፤ ከእናቷ ቤት የምትወጣ ልጅ ከሳቀች ምን ትባላለች? በፎቶው ሁሉ ሁለቱም እንደ ተከሳሽ አንገታቸውን ደፍተዋል። አብራችሁ የኖራችሁትስ? አንድ ወር። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አሁን ሚስትህ የምትኖረው የት ነው አለችው፤ ከእናቴ ጋር ነው አላት፣ እናቴን የምትጦራት እሷ ናት። ይኼኔ ፊቷ በራ። ይህን ጻፍ፣ ይህን በደንብ ጻፍ፣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለህም አለችው። ጻፈ። ሚስቴ ከእናቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች፣ እናቴ ጤነኛ ናት፣ ልጄ እያለች ነው የምትጠራት፣ የሁላችንም ጸሎት አንድ ላይ መኖር ነው ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ከዚያ ማጥናት ሆነ። ቀጠሮው ከተቆረጠ በኋላ በየቀኑ እየደወለ ያስጠናታል፤ እሱ ከሥራ ተመልሶ አልጋው ላይ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ። የጥርስ ብሩሼ ቀለም? አረንጓዴ። ሥራዬ? ፋብሪካ። በአልጋው በየት በኩል እተኛለሁ? እዚህ ላይ ሰርካለም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች፤ የመሪጌታ ልጅ ናት፤ ለንስሐ አባቴ ያልተናገርሁትን ለፈረንጅ ልናገር ነው? ትለዋለች፤ ይስቃሉ፤ እሱ መሳቁን የሚያውቀው ድምፁን ሲሰማው ነው። አንድ ቀን እንዲህ አላት፤ አሁን ያኔ ያለውን ቃል በቃል ይሰማዋል፤ ስለ እናቴ ከጠየቁሽ ደግሞ አብረን ነን በይ፣ ደህና ናት በይ፣ ምርቃቷን ይዤ መጣሁ በይ፣ ዋናው ማስረጃችን እሷ ናት። ሰርካለም ዝም አለች። ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ በዐቢይ ጾም የሚጥል ጥቂት የበልግ ዝናብ። ቆይታ፣ ቆይታ፣ እሺ አለችው። ኔትወርኩ ነው አለ በልቡ። ኔትወርክን የሚያህል ባለውለታ የለም፤ ሰው ዝም ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል።

እናቱ ወይዘሮ ማሬ አሜሪካ ሩቅ ነው ብላ ስልክ ላይ ትጮኻለች። ትጮኽ ነበር። ትጮኻለች። ልጄ፣ ምን በላህ? ትለዋለች፤ በልቻለሁ ይላታል፤ ምኑን? ትለዋለች። ሥጋ ቤት ነው የምሠራው ሲላት የበሬውን ዓይነት ጠይቃዋለች፤ ሐበሻ በሬ አይደለም፣ የፈረንጅ በሬ ነው አላት፤ አሳማ ሲቆርጥ እንደሚያድር ብታውቅ እጁን በጠበል ሳያስነካ ዓይኗን አያይም ነበር። ከኅዳር ወዲህ ግን ስልክ ላይ አልመጣችም። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ይዟት ነው አሉት። ቀጥሎ ጠበል ወርዳለች አሉት። ቀጥሎ ኔትወርክ በአካባቢው ጠፋና ሳምንታት አለፉ፤ ሲመለስ እናቱ እንደገና ጠበል ነበረች። የበጋ ጠበል፣ የጾም ጠበል። ሰርካለምም ፊቷን ማሳየት ትታለች፤ ድምፅ እንጂ ምስል አይችልም ስልኩ ትለዋለች፤ የመልካሙ ስልክ ደግሞ ካሜራው ተሰብሯል። አመነ ማለት ይከብዳል። ዝም አለ ማለት ይቀላል።

ምክንያቱም ነገሩን ያውቀዋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው አገሩ ርቆ ብቻውን ሳለ፣ የሚደግፈው ሳይኖር፣ እናትህ ሞተች አይባልም፤ ይህ ጭካኔ ነው፤ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ደጁን አንኳኩተው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው የሚነገረው። የአክስቱ ልጅ ሀና ቤይሩት ሳለች አባቷ አርፈው ነበር። የቤተሰቡ ሁሉ መልስ አንድ ነበር፤ አባባ በሬ ሊገዙ አርብ ገበያ ወርደዋል። በደወለች ቁጥር አርብ ገበያ ወርደዋል። አንድ ቀን ስልኩን ተሻገር ራሱ ያነሳውና ያንኑ አላት። ዛሬ እኮ ሰኞ ነው፣ በሰኞ ምን ገበያ አለ? አለችው። እሱም ሳያፍር፣ ገበያው ሰኞም ጀምሯል አላት። ሀና፣ እንዲያ ከሆነ ሰላም በሉልኝ አለች፤ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቀችም። ያኔ ሞኝ መስላው ነበር። አሁን ይገባዋል። አርብ ገበያ ሰኞም እንዲቆም የፈለገችው እሷ ነበረች።

ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር አለማወቅ ሥራ ነው፤ አሳማ ከመበለቱም የሚያደክም ሥራ። አይጠይቅም። እናቴን አገናኙኝ ማለቱን ትቶ ሰላም በሏት ማለት ጀመረ፤ እነሱም እንላታለን ይላሉ። ያዝናል ወይ? አያዝንም። በቀዝቃዛው ክፍል ጣቶቹ ደንዝዘው ቢላዋው ሲነካቸው እንኳ የሚያውቀው ጓንቱ ሲቀላ ነው፤ ልቡም እዚያው ክፍል የሰነበተ ይመስለዋል። የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ አለማልቀሱ ሳይሆን አለማልቀሱ ምቾት መሆኑ። ሰርካለም ትምጣ፣ በሩን ትክፈት፣ ከዚያ የሚሆነው ይሁን እያለ ነው የኖረው። ከዚያ በፊት ግን እናቱ ጠበል ናት።

ስልኩ ደረቱ ላይ ነዘረ። ሰርካለም ናት።

በሹክሹክታ ነው የምታወራው። ኮተቤ ካረፉበት የመልካሙ ወዳጅ ቤት ጓሮ ወጥታ፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ቆማ ነው፤ መልካሙ መደወሏን አያውቅም፤ ቢያውቅ ይቆጣታል። እንዴት ነበር አላት። ደህና ነበር አለችው። ከዚያ ቁስሉን ላለመንካት ዙሪያውን እንደሚያክ ሰው፣ ከሩቅ ጀመረች። ስለ ሰልፉ ነገረችው፣ ስልኳን ስለነጠቋት፣ ስለ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ስላለው መነጽራም ሰውዬ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደህና አደርሽ ወይ ብሏታል በአማርኛ። አስተርጓሚዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጥፍሯን ተቀብታለች። መጀመሪያ ቀኝ እጅሽን አንሺ አሏት። አነሳች። እውነቱን ብቻ ልትናገሪ ትምያለሽ ወይ? ሰርካለም አስተርጓሚዋን በማን ስም አለቻት። ዝም ብለሽ ማይ አለች ልጅቱ። ዝም ተብሎ አይማልም እኮ፣ አለችው ሰርካለም አሁን፣ በማርያም ነው የማልሁት፣ በልቤ። ተሻገር ጣሪያውን እያየ ነው። 

የጥርስ ብሩሹን አልጠየቃትም። አልጋውንም አልጠየቃትም። ሰውዬው ፓስፖርቷን ገልጦ ፎቶዋን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ከዚያ እባክሽ ነጠላሽን ከራስሽ ላይ ዝቅ አድርጊው አላት። መልካሙ ጥቁሩን አስወልቆ ነጭ አልብሷት ነበር፤ ልብስ ይለወጣል፤ ፀጉር ግን በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ፎቶው ላይ ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ፀጉርሽ ምን ሆነ? አላት ሰውዬው።

ሰርካለም እዚህ ላይ አቆመች።  በመካከላቸው ኔትወርክ ነበረ፤ ጥሩ ኔትወርክ፤ ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል፤ ታንከሩ ውስጥ ውኃው ሲንጠባጠብም ይሰማል።

ከዚያ በፍጥነት ነገረችው፣ ስሙን ሳትጠራ፤ ያ ነገር እያለች። ሰውዬው ያን ነገር ጠየቀኝ፤ እጄን አንስቻለሁ፤ ነገርሁት። ከባልሽ ጋር በስንት ጊዜው ትነጋገራላችሁ አላት፤ በየቀኑ አለችው። ታዲያ ባልሽ ያን ነገር ሲሰማ ምን አለ? አልሰማም አለችው። መነጽሩን አወለቀ። የተሻገርን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቶ አነበበ፤ እናቴ ጤነኛ ናት የሚለውን፤ ደግሞ አነበበው። በየቀኑ እያወራችሁ ይህን አልነገርሽውም? አልነገርሁትም። አስተርጓሚዋ አንገቷን ደፋች፤ ነገሩ ገብቷታል፤ ሐበሻ ናት፤ ሥራዋ ግን ቃል ማሻገር እንጂ አገር ማስረዳት አይደለም። ሰውዬው፣ በየቀኑ የሚነጋገር ባልና ሚስት እንዲህ ያለውን ነገር አይደባበቅም፤ ወይ አትነጋገሩም ወይ ባልና ሚስት አይደላችሁም አላት፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደሚያዝን ሰው ነው ያላት። ከዚያ ወረቀት ሰጣት። ባልሽ ያን ነገር ማወቁን፣ ከማን እንደሰማም፣ ራሱ ምሎ ይጻፍልን፤ አለዚያ መዝገቡ ይዘጋል።

መልካሙ ቆይ ይላል አለች። ዴንቨር የሚኖር የጋይንት ሰው አለ፤ ለፋሲካ ሥራ ሲያቆም መኪናውን ይዞ እስኪመጣልህ፣ ጎህ ሳይቀድ ደጅህን እስኪያንኳኳ እንጠብቅ ይላል። እኔ ግን እስከዚያ… አለችና ዋጠችው። አባቷ መሪጌታ ደግሞ ኅዳር ላይ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ሌላ ነበር የወሰኑት፤ ልጁ ብቻውን ነው፣ የሚይዘው ሰው የለውም፣ ቪዛው ይለቅና ሙሽራይቱ ራሷ ይዛለት ትሂድ፤ አብራው እንድታለቅስ። ሰርካለም ያንን ተሸክማ ነው የከረመችው። እንዴት እንደምታደርገው ሁሉ አስባበት ነበር፤ እንደደረሰች አትነግረውም፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ሳይነጋ ትቀሰቅሰዋለች። የጥርስ ብሩሹን ቀለም ስታጠና ልቧ ያን ያጠና ነበር። አሁን መርዶ ያዥዋ እንዳትመጣ የከለከላት መርዶው ሆነ። ሰርካለም ይህን ስትናገር ድምጿ አልተሰበረም፤ የደረቀ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቃል ቀርቷታል፤ ያን ቃል ልትለው ትሞክራለች፣ ተሻገር፣ ትላለች፣ ተሻገር፣ ከዚያ አትቀጥልም።

ሊረዳት ይችላል። እስከ ዛሬ ያልረዳት እሱ ነው፤ ጠበል ናት ስትለው ሰላም በያት ያለው እሱ፤ የሞተችውን ዋናው ማስረጃችን ናት ብሎ አስይዞ የላካት እሱ። አልጋው ላይ ቀስ ብሎ ተነስቶ ተቀመጠ።

«እናቴን የት ቀበራችኋት?» አላት።

 ከዚያ ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን እንደሚያወርድ ሰው ቀስ እያለች መለሰችለት።

«ከአባትህ ጎን። ኅዳር ሚካኤል ባለፈ በማግስቱ ነው ያረፉት። አልተሠቃዩም፣ ተሻገር፤ እጄ ላይ ነው ያለፉት። ስምህን ጠርተዋል።»

«ፀጉርሽን ለምን?»

«ታናሹ ልጃቸው የለም ወይ እንዳይባል። ባንተ ፋንታ እኔ ቆምሁ። ባንተ ፋንታ ተላጨሁ።» ከዚያ፣ «አጠገብህ ሰው አለ?» አለችው።

ክፍሉን አየ። የሥራ ጫማው፣ ወንበሩ፣ መስኮቱን የጋረደው ብርድ ልብስ።

«አለ» አላት።

ይህን ስትሰማ ነው የለቀቀችው። ጓሮው ውስጥ፣ ከማያውቋት ሰዎች ታንከር ጀርባ፣ እንደ አገሯ ወግ፣ በሙሉ ድምጿ። የእናቱን ስም እየጠራች፣ እሱን ልጃቸውን እየጠራች፣ ደጋግነታቸውን እየቆጠረች። በር ሲከፈት ተሰማ፤ የሴቶች እግር፤ ምን ሆነች፣ ምን ሆነች የሚል፤ ከዚያ አንዲት፣ ከዚያ ሁለት ሌሎች ድምፆች ገቡበት፤ እሱን አይተውት የማያውቁ፣ እናቱንም የማያውቁ ሴቶች እያለቀሱለት ነው። ተሻገር ከአልጋው ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው አልጋ ላይ አይሆንምና። ስልኩን ፊቱ አስቀመጠው። እንባውን ጠበቀው። አልመጣም። ዛሬ ማታ ሥራ አለ፤ ከዚያ በፊት ለዚያ መነጽራም ሰው ይጽፋል፤ እናቴ መሞቷን አውቃለሁ፣ የነገረችኝ ሚስቴ ናት፣ ሳትነግረኝ የቆየችውም ሚስቴ ስለሆነች ነው ብሎ። ሰውዬው ይገባው ይሆናል፤ ላይገባው ይችላል። እሱ ይጽፈዋል፤ እውነት ስለሆነ።

መልካሙ ስልኩን ተቀበላት፤ ተሻገርም የራሱን ከወለሉ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገ። መልካሙ ሲተነፍስ ይሰማል፤ አፍንጫውን በእጁ ሲጠርግ። ከዚያ፣ «አወቅህ?» አለው።

«አወቅሁ።»

«እኔ እኮ ሰው ይዞህ…» አለና ተወው። ቆይቶ፣ «አጠገብህ ሰው አለ ብለሃታል። እስቲ አቅርብልኝ፤ አደራ ልበለው» አለ።

ተሻገር ስልኩን ከጆሮው አራቀው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም፤ ከታች መንገዱ ላይ መኪና አለፈ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁን ትንሽ አወፈረው።

«አቤት» አለ። «እግዜር ያጽናዎ። እኔ አለሁለት።»

መልካሙ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ ከማሳ ማዶ ሲጠራው፣ ሲያኮርፍ፣ ሲዋሽ። ጓሮው ውስጥ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ከዚያ ታላቅ ወንድሙ ለእንግዳ ሰው በሚናገርበት በተጠነቀቀ፣ በአክብሮት ድምፅ፣ ቃል በቃል እየመረጠ መለሰ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። አደራዎን። ሆደ ባሻ ነው፤ ካልቆየ አያለቅስም፣ ሲያለቅስ ግን የሚይዘው ይፈልጋል። ብቻውን እንዳይተዉት።»

«አልተወውም» አለ ተሻገር።